የትምህርት ቤቱ ቦታ ስንት ያወጣል?

በደብረ ታቦር ገበያ ድንች ዋጋ አለው፣ ገብስ ዋጋ አለው፣ የባሕር ዛፍ አጠናም እንደ ቁመቱና እንደ ውፍረቱ ዋጋ ይቆረጥለታል። ይህን ሁሉ ያበቀለው መሬት ግን በሕግ ፊት የመሸጫ ዋጋ የለውም። ታዲያ መንግሥት ይህንኑ መሬት ለትምህርት ቤት ሲፈልገው ለባለ ይዞታው ስንት ይከፍላል? ሒሳቡ ከየት ይነሣል? የሚጎድለውን ማን ይሸፍነዋል? የዛሬው የገበያ ገጻችን የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ጉዳዩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስለን። በከተማ ዳር ቦታ የያዘ ነጋዴ፣ ገዥና ሻጭ ያገናኘ ደላላ፣ የግል ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብት ሁሉ አንድ ቀን የቀበሌ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ደብዳቤው «ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ተፈልጓል» ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ከሚባሉት ሁሉ ደግሞ ለመቃወም እጅግ የሚያስቸግረው ትምህርት ቤት ነው። ሆቴል ሊሠራ ነው ቢባል ሰው ይከራከራል፤ ልጆች ሊማሩበት ነው ሲባል ግን ባለ ይዞታው በጎረቤቱ ፊት ክፉ ሰው ላለመባል ዝም ይላል። ስለዚህም የትምህርት ቤት ቦታ ሒሳብ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ክርክር፣ ያነሰም ምርመራ ይደረግበታል።

ጊዜውም ያስገድዳል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር በዘለቀበት ወቅት በጋይንት በኩል ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። የተጎዳው መልሶ ሲሠራ፣ ያልነበረው አዲስ ሲታነጽ፣ ከተማውም ወደ ፋርጣ ገበሬ ማሳ ሲሰፋ የቦታ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሚገዛው መሬቱ አይደለም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም የከተማም መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው። በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ሀብት ደግሞ የግሉ ነው። በዚሁ አንቀጽ ንኡስ ቁጥር 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልገው የግል ንብረትን መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው።

እንግዲህ በሌላው ዓለም የግዴታ ግዥ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ግዥ ሊባል አይችልም። መንግሥት የራሱ የሆነውን መሬት አይገዛም፤ ይዞታውን ያስለቅቃል። ሕጉም ይህንኑ ቃል ነው የሚጠቀመው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን፣ ካሳ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከእርሱ በፊት በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ይሠራበት ነበር።

በአዲሱ አዋጅ መሠረት ለገጠር ተነሺ የሚከፈለው በዋናነት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። ቤቱ እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ፣ ሰብሉና ዛፉ በምርቱና በዋጋው፣ ለእርከን፣ ለአጥርና ለጉድጓድ የወጣው ገንዘብና ጉልበትም በየግምቱ ይተመናል። ሁለተኛው የልማት ተነሺ ካሳ ነው፤ ባለ ይዞታው ከመሬቱ ሲያገኝ የነበረው ገቢ ስለሚቀርበት የሚከፈለው ማለት ነው። ሦስተኛው በ1997ቱ አዋጅ ያልነበረ ሲሆን፣ ከጎረቤቱና ከዕድሩ በመለየቱ ለሚደርስበት የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት የሚሰጥ ነው።

ዋናው ገንዘብ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። በአሮጌው አዋጅ ተነሺው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። በአዲሱ ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተገኘ ግን የሚከፈለው የአንድ ዓመት ከፍተኛ ገቢ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለሒሳቡ ሲባል የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ጥማድ ወይም ግማሽ ሄክታር ገደማ ያለው አንድ ገበሬ በአምስት ዓመት ውስጥ 22፣ 26፣ 30፣ 34 እና 38 ሺህ ብር አገኘ እንበል። የአምስቱ ዓመት አማካይ 30 ሺህ ብር ነው። በአሮጌው አዋጅ በአሥር ሲባዛ 300 ሺህ ብር ይሆናል። በአዲሱ ከፍተኛው 38 ሺህ ተወስዶ በአሥራ አምስት ሲባዛ 570 ሺህ ብር ይደርሳል። ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

ለምን አሥራ አምስት ተባለ? ሕግ አውጭው ያሰበው ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩ ለኢኮኖሚ ተማሪ አንድ ነገር ይነግረዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይታወሳል። 570 ሺህ ብር በ7 በመቶ ሲቀመጥ በዓመት 39 ሺህ 900 ብር ወለድ ያስገኛል። ይህም ገበሬው ከመሬቱ ሲያገኝ ከነበረው 38 ሺህ ብር በጥቂቱ ይበልጣል። በአሮጌው ሒሳብ 300 ሺህ ብር የሚያስገኘው ወለድ ግን 21 ሺህ ብር ብቻ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ላይ አዲሱ ካሳ ማሳውን ተክቷል ማለት ይቻላል።

ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ገበያ ሲወጣ ነው። በአገራችን የዋጋ ንረት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የደረሰባቸው ወራት ጥቂት አልነበሩም። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 570 ሺህ ብር ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛው ዕቃ ዛሬ 259 ሺህ ብር ገደማ የሚገዛውን ብቻ ይሆናል። ማሳ ግን እንዲህ አይደለም። የገብስና የድንች ዋጋ ሲወጣ የማሳው ገቢ አብሮ ይወጣል። ገበሬው በማሳው ላይ ሳለ ከዋጋ ንረት የተጠበቀ ሀብት ነበረው፤ ካሳውን ሲቀበል ያ ጥበቃ ይቀርበታል። አሥራ አምስት ጊዜ ማባዛቱ የዛሬውን ገቢ ይተካል እንጂ የነገውን የዋጋ ንረት አይከላከልም።

የካሳው ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ግምቱ በአንድ ዓመት ዋጋ ተሠርቶ ክፍያው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣ፣ የዋጋ ንረቱን ልዩነት የከፈለው ገበሬው ነው። ሕገ መንግሥቱ «በቅድሚያ» ያለው ቃል በገበያ ዓይን ሲታይ ከካሳው መጠን ያላነሰ ዋጋ አለው።

ምትክ መሬት ቢሰጥስ? የሚሻለው እርሱ ነበር። ነገር ግን ፋርጣን በመሰለ ሰው በበዛበትና ማሳ በተቆራረሰበት ደጋ አገር ትርፍ መሬት ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የወል ግጦሽ ነው። እርሱም ቢሆን የጎረቤት ከብት ይሰማራበት የነበረ በመሆኑ የአንዱ ጉዳት ለብዙዎች ተከፋፈለ ማለት ነው።

ጋፋት የምታስታውሰው

መሬት ለሕዝብ ጉዳይ መውሰድ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ መሣሪያ መሥሪያ እንደነበረች ሁሉም ያውቃል። በባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተልእኮ የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና እነ ዛልሙለር የተቀመጡት እዚያ ነበር። ሴቫስቶፖል የተባለው መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተቀለጠው እዚያው ነው፤ ክብደቱ ሰባት ቶን፣ በነጋዴ አነጋገር 70 ኩንታል ያህል ነበር። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን በጋፋት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሙያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንደነበረም ነው። ዛሬ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም የሰየመው ያለ ነገር አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ደመወዝተኛ ለማድረግና አገሩን ለማዘመን ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። ገንዘቡ የሚገኘው ከመሬት ነው። በ1852 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ በማለት ለእነርሱ የሚሆነውን መሬት አስቀርተው፣ የተረፈውን ወስደው ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ አደረጉ። በዘመኑ ሚዛን ይህ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተወሰደ መሬት ነው። ካሳ ግን አልነበረውም፤ መሬቱን ያጡትም አልተስማሙም። ከካህናቱ ጋር የገቡበት ጠብ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ ድጋፋቸውን ሸረሸረው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በእጃቸው የቀረው ግዛት ጥቂት ነበር።

የታሪኩ ፖለቲካ ለታሪክ ጸሐፊዎች ይቆይ። ለእኛ ገጽ የሚጠቅመው ሒሳቡ ነው። ያለ ካሳ የተወሰደ መሬት ለወሰደው ርካሽ ይመስለዋል። ዋጋው ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ መዝገብ ተዛወረ እንጂ። ከጥላቻ፣ ከክርክርና ከተቃውሞ ጋር ተደምሮ ቆይቶ ይመጣል። በቅርቡም አይተነዋል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የሚያገናኘው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. የቀሰቀሰው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. እንደገና ተነሥቶ ዕቅዱ በዚያው ዓመት ጥር ተሰርዟል። ከተቃውሞው ምክንያቶች አንዱ የገበሬው ከመሬቱ መነሣት ነበር።

ከርስት እስከ ደብተር

በበጌምድር ርስት ማለት ከአባትም ከእናትም ወገን የሚወረስ፣ የሰውን ማንነት ከአያት ቅድመ አያቱ ጋር የሚያያይዝ መብት ነበር። መንግሥት በዚህ ርስት ላይ ትምህርት ቤትን ያስገባው በመጀመሪያ በግብር በኩል ነው። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ ተጨማሪ ግብር ጥሎ ገንዘቡ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል አደረገ። ልብ እንበል፤ በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤት ወጪ በባለ መሬቱ ሁሉ ላይ በግብር ተከፋፍሎ ነበር የተጣለው። ለሁሉም የሚሆን ነገር በሁሉም ትከሻ ላይ አረፈ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንብረት በግዳጅ ሲወሰድ ተገቢ ካሳ እንዲከፈል፣ ባለቤቱና መንግሥት ካልተስማሙም መጠኑ በፍርድ ሥርዓት እንዲወሰን አዘዘ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1460 ጀምሮ ያሉትን አንቀጾች ለዚሁ ጉዳይ ሰጠ። እዚያ ውስጥ ለነጋዴ የሚጥም አንድ ደንብ አለ፤ መንግሥት ገንዘብ ለማትረፍ ብቻ ሲል የሰው መሬት ማስለቀቅ አይችልም ይላል። ካሳውም ከደረሰው እውነተኛ ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዝዛል።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለገጠር መሬት ካሳ አልተከፈለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬት ከካሳ መዝገብ ወጣ፤ የቀረው በላዩ ያለው ብቻ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ አንዳንዶችን መሬት ሲያስገኝ ሌሎችን ያለ ካሳ አሳጣ። ከዚያ በኋላ የገበሬው ትልቅ ስጋት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ያን ስጋት ለመቀነስ የታሰበው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በአማራ ክልል ምዝገባው በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ ባልና ሚስት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ እንዲሰፍር ተደረገ። ደብተሩ መሬቱን ከመወሰድ አያድንም። ካሳ ሲመጣ ግን ማን ሊከፈለው እንደሚገባ የሚናገር ትልቁ ወረቀት እርሱ ነው። ሚስትም ስሟ እዚያ በመኖሩ ካሳውን ባል ብቻውን ቆጥሮ ገበያ ይዞ እንዳይሄድ የምትጠይቅበት ማስረጃ አላት።

ሌሎች እንዴት ይሠራሉ?

መሬት የግል በሆነባቸው አገሮች ጥያቄው ይቀላል ማለት አይደለም፤ መነሻ ዋጋ ግን አላቸው። እንግሊዝ በ1862 ዓ.ም. ማለትም መቅደላን ከወጉ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ አወጡ። ሕጉ በየአካባቢው የሚመረጡ የትምህርት ቤት ቦርዶችን አቋቁሞ ቦታ በግዴታ የመግዛት ሥልጣን ሰጣቸው። የግዥው ሥርዓት የተወሰደው በፈረንጆች 1845 ለባቡር ሐዲድና ለመሳሰሉት ሥራዎች ከወጣው ሕግ ነበር። በዚያ ዘመን ገማቾች በመሬቱ ዋጋ ላይ አሥር በመቶ የመጨመር ልማድ ነበራቸው፤ ባለቤቱ ሳይወድ በመሸጡ ማለት ነው። ልማዱ የቀረው በፈረንጆች 1919 ነው።

ሕንድ ደግሞ በፈረንጆች 2013 ባወጣችው ሕግ የአሥሩን በመቶ ሐሳብ እጅግ አራቀችው። በከተማ የገበያው ዋጋ ሁለት እጥፍ፣ በገጠር እንደ ርቀቱ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ እንዲከፈል አዘዘች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈልጎ የሚሸጥና ተገድዶ የሚሸጥ ሰው አንድ ዋጋ አይበቃቸውም።

እኛ አራት እጥፍ ብንል የምን አራት እጥፍ? የተመዘገበ የገበያ ዋጋ የለም። በከተማ የሊዝ ጨረታ ዋጋ አለ፤ ይህም ለካሬ ሜትር የሚወጣ ነው። በዚህ ቦታ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቆጭ። አንድ ማሳ ከገበሬው እጅ ሲወጣ የሚተመነው በገብስና በድንች ነው። ያው ማሳ በከተማ ክልል ገብቶ ለጨረታ ሲቀርብ በካሬ ሜትር ይተመናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የከተማው አስተዳደር ገቢ ይሆናል። ለትምህርት ቤት ሲሆን ጨረታ የለም፤ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት መንግሥት የሚያስተዳድራቸው የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ የሚያገኙት በምደባ ነው። ስለዚህ የቦታው የካሬ ሜትር ዋጋ ጭራሽ በየትም መዝገብ አይታይም።

ነጻ የሚመስለው ቦታ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲታቀድ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሠራተኛው ደመወዝ ሁሉ ይሰላል። ቦታው በምደባ የተገኘ ነው ተብሎ ሲታለፍ ግን የዕቅዱ ወጪ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል። ካሳው የሚታሰበው ደግሞ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ ሌላው ገንዘብ ሁሉ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ከሆነ ከየት ይመጣል? ይህ ሲሆን ሁለት ነገር ይከተላል። ወይ ካሳው ይዘገያል፣ ወይ ደግሞ ገማቹ ግምቱን እንዲያሳንስ ሳይነገረው ይገባዋል።

ለምሳሌ ሦስት ሄክታር ወይም 12 ጥማድ መሬት ለትምህርት ቤት ተፈለገ እንበል። ከአንዱ ጥማድ የሚገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 20 ሺህ ብር ቢሆን የሁሉም 240 ሺህ ይመጣል። በአሥራ አምስት ሲባዛ ካሳው 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ነው። የዛፉ፣ የአጥሩና የቤቱ ግምት ገና አልተደመረም። ዕቅድ አውጭው ይህን ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢያየው ሦስት ሄክታር ያስፈልጋል ወይስ ሁለት ይበቃል ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሄክታር ሲቀንስ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ይተርፈዋል። በገንዘቡ ተጨማሪ ክፍል መሥራት ወይም ዴስክ መግዛት ይችላል። ቦታው በነጻ ነው ሲባል ግን የሚቀንስበት ምክንያት የለም። ሜዳውንና ለመንገድ የሚቀርበውን ማሳ ሰፋ አድርጎ ይወስዳል፤ ግማሹም ታጥሮ ሣር ያበቅላል።

ዋጋ የሌለው ዕቃ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይወሰዳል። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ የሠርግ ቤት ማየት ይበቃል።

አንዳንድ ባለሥልጣናት ካሳው ከበዛ ትምህርት ቤቱ አይሠራም ይላሉ። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ የወረዳ በጀት ጠባብ መሆኑን ማንም አይክድም። በ2016 ዓ.ም. የአዋጁ ማሻሻያ ከወጣ ወዲህ የካሳ ክፍያ ሸክም ይበልጥ በክልሎች ላይ ወድቋል። ነገር ግን ካሳው ሲቀነስ ወጪው አይቀነስም። ቀድሞ በወረዳው ሕዝብ ሁሉ ላይ ሊከፋፈል ይችል የነበረው በአምስት ወይም በስድስት አባወራ ላይ ያርፋል። የእነዚህ አባወራዎች ልጆች በአዲሱ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ የጎረቤቶቻቸውም ልጆች እንዲሁ። ልዩነቱ የጎረቤቶቻቸው ልጆች ሲማሩ የሚያርሰው መሬት ያለው አባት እቤት አላቸው። የ1940ው የትምህርት ግብር ቢያንስ ይህን ስሕተት አልሠራም።

ለነጋዴና ለደላላ

ከከተማ ዳር ቦታ ጋር ሥራ ያላቸው አንባቢዎቻችን የሚከተሉትን ነጥቦች ቢይዙ ይጠቅማቸዋል።

አንደኛ፣ በደብተር ላይ ስሙ የሌለ ሰው ዋናውን ካሳ አይጠብቅ። ከገበሬ ማሳ በውስጥ ውል ቆርሶ የገዛ ነጋዴ በሕግ ፊት ገዥ አይደለም፤ መሬት አይሸጥምና። ማስለቀቂያው ሲመጣ የልማት ተነሺ ካሳው የሚታሰበው ለሕጋዊው ባለ ይዞታ ነው። ገዥው ገንዘቡን ለማስመለስ ሻጩን ቢከስስም ውሉ ራሱ ፈራሽ ነው ሊባል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ውል ያገናኘ ደላላ ኮሚሽኑን ቢበላም ስሙን ያጣል።

ሁለተኛ፣ በወሬ ላይ መነገድ አይሠራም። ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ሲባል ባሕር ዛፍ ለመትከል፣ በአንድ ሌሊት ጎጆ ለማቆም የሚሮጥ አለ። የማስለቀቂያው ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተተከለና የተሠራ ነገር ካሳ አያስገኝም። አዋጁ ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያዩበት ያዝዛል፤ ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ያ ጊዜ የመረጃ ጊዜ እንጂ የመትከያ ጊዜ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በሊዝ የተያዘ ቦታ ከገበሬ ይዞታ የተለየ መብት አለው። የሊዝ ባለ ይዞታ ግዴታውን ከፈጸመ ቦታው ለመንግሥት ልማት ሲፈለግ ለቀረው የሊዝ ዘመን ምትክ ቦታና ለንብረቱ ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ የሊዝ ክፍያ ደረሰኝና የግንባታ ፈቃድ በአንድ ፋይል ይቀመጥ።

አራተኛ፣ የገቢ ማስረጃ ገንዘብ ነው። ካሳው የሚሰላው በሦስት ዓመት ውስጥ በተገኘው ከፍተኛ ገቢ ነው ብለናል። የንግድ ቤት ያለው ሰው ለግብር ያሳወቀው ገቢ ትንሽ ከነበረ ለካሳ ትልቅ ነበር ብሎ መከራከር ይቸግረዋል። ገበሬውም የሸጠውን ድንችና አጠና የሚያሳይ ወረቀት ቢኖረው ገማቹ ከጠረጴዛ ላይ በሚያነሣው አማካይ ዋጋ ብቻ አይታሰርም።

አምስተኛ፣ ቅሬታ ጊዜ አለው። በማስለቀቂያው ትእዛዝ ወይም በግምቱ ያልተስማማ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ አለበት፤ ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዕድርና በሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑን ያሳለፈ ሰው መብቱን አሳለፈ።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገር ቢደረግ ትምህርት ቤቱም ይሠራል፣ ገበሬውም አይጎዳም። የመጀመሪያው፣ የቦታው ካሳ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ከሲሚንቶው በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ። ገንዘቡ ካልተገኘ ቦታው አይነካ። ሁለተኛው፣ ግምቱ ከተሠራ በኋላ ክፍያው ከዘገየ በዘገየው ልክ ግምቱ በገበያ ዋጋ እንደገና ይሠራ። ይህ ለመንግሥት ቅጣት አይደለም፤ ቶሎ እንዲከፍል የሚያበረታታ ነው። ሦስተኛው፣ ካሳውን የተቀበለ ሰው ገንዘቡን በባንክ አስቀምጦ የዋጋ ንረት እንዲበላው ከመተው ይልቅ ከተማው በሚሰፋበት አቅጣጫ የንግድ ቦታ ወይም የወፍጮ ቤት ድርሻ የሚያገኝበት መንገድ ይከፈት። በአዲሱ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚከፈተው የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ከማንም በፊት መሬቱን ለሰጠው ሰው ቢሰጥ ማን ይከፋዋል?

የግል ባለሀብቱም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለ። መንግሥት ለራሱ ትምህርት ቤት ቦታ እውነተኛ ዋጋ መክፈል ከጀመረ፣ በጨረታ ቦታ ገዝቶ የግል ትምህርት ቤት ከሚከፍተው ባለሀብት ጋር ወጪያቸው ሊነጻጸር ይችላል። አንድ ተማሪ በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤት ስንት እንደሚያስወጣ በትክክል የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። አሁን የመንግሥቱ ሒሳብ መሬቱን ሳይቆጥር ስለሚወጣ ንጽጽሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

በደብረ ታቦር ዙሪያ አዲስ የሚሠራ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ የግንባታው ወጪም በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። በዚያ ሰሌዳ ላይ ከብሎኬቱና ከቆርቆሮው ወጪ ቀጥሎ ለባለ ይዞታዎች የተከፈለው ካሳና የተከፈለበት ቀን ቢጻፍ፣ ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን የሒሳብ ትምህርት ከበሩ ላይ ይማራሉ።